ሰዓቷን ማን ያዘላት?



ባለፈው ሳምንት በተደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ጠያቂው «በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊ ማን ነው?» ሲል አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አበበ ቢቂላ!» ብሎ ተንጫጫ። ለተወዳዳሪዎቹ እንኳ ፋታ አልተሰጣቸውም። ቀጥሎ «ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው የሠለጠኑት በማን እጅ ነው?» የሚል ጥያቄ ወጣ። ጸጥ! አንዱ ከኋላ «በፌዴሬሽኑ!» አለ፤ ሳቅ ሆነ፤ ነጥቡም ለማንም ሳይሰጥ ታለፈ። መልሱን የነገረን አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት በዚያች ሳቅ ምክንያት ነው። ለምን ቢሉ፣ የጥያቄው መልስ እንደኛ ያለ ሰው ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ።

ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ሁላችን እናውቀዋለን ስለምንለው ታሪክ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም እናውቀዋለን እንላለን እንጂ ግማሹን በተረት መልክ ነው የያዝነው።

ሮምን እንውሰድ። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። እዚህ አገር ቤት በየደጃፉ ችቦ በሚበራበት ምሽት፣ እዚያም ጀምበር ገብታ ስለነበር በአሮጌው የአፒያ መንገድ ዳር የተሰለፉት የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። (ይህን መገጣጠም ሰው ሲያነሣው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔን ግን ከሜዳሊያው እኩል ደስ ይለኛል።) የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨረሰ። ከዚያ በፊት ሰው ሮጦት የማያውቀው ሰዓት ነው። የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌ ፖፖቭ በ1958 እ.ኤ.አ. ካስመዘገበው የሚያንሰው በአንድ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ቢሆንም፣ ክብረ ወሰን ክብረ ወሰን ነው። እስከ መጨረሻው ጎን ለጎን የሮጠው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን፣ አበበ ጥሎት የሄደው ጣልያን ከአክሱም ነቅላ ወስዳ ባቆመችው ሐውልት አካባቢ ነበር። ልዩነታቸው 25 ሰከንድ ያህል ሆነ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል።

እንግዲህ የባዶ እግሩ ነገር። ሰው ሁሉ የድህነት ምልክት አድርጎ ያወራዋል፤ «ጫማ መግዣ አጥቶ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል? እንዲያ አይደለም። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በጫማም በባዶ እግርም ያለማምዱት ነበር። ሮም ላይ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው በለመደው ሮጠ። ታስቦበት የተደረገ ነገር ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። አበበ በዚህ መሐል ሣሩ ላይ ተንጋሎ ጅምናስቲክ ይሠራ ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ታዲያ እኛ ለተማሪዎቻችን የምንነግረው የትኛውን አበበ ነው? ጫማ ያጣውን ወይስ የተዘጋጀውን? ጫማ ያጣውን ብቻ ከነገርናቸው፣ «እኛም ጫማ የለንም፤ ስለዚህ እንሮጣለን» የሚል ባዶ ኩራት ነው የምናስይዛቸው።

ሌላው ተረት ደግሞ የአየሩ ነገር ነው። እኛ ቦረናዎች በተለይ እንወደዋለን። «ደጋ ነን፣ አየራችን ቀጭን ነው፣ ሳንባችን ሰፊ ነው፣ ሯጭ ነን!» ይባላል። በከፊል እውነት አለው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ለጋምቦ ወጣ ካላችሁ አምባ ፈሪት ከ3,900 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ባለ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ወደ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሰውነትም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ኩላሊት ለአጥንት መቅኔ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ መቅኔውም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ይህ በተግባር የታየው በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ነው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ስለሆነች የቆላው ሯጭ ሁሉ ትንፋሽ አጠረው። አበበ በሕመም 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰዓት ከቶኪዮው ከስምንት ደቂቃ በላይ የዘገየ ነው፤ ግን አንደኛ ነው። ከፍታ ላይ የተሮጠ ሰዓት ከቆላው ሰዓት ጋር አይወዳደርም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እፈልገዋለሁ። (ማሞ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ሦስተኛ የወጣበት ቀንም ጳጉሜን 5 ነበር፤ 1964 ዓ.ም.። ጳጉሜን 5 የእኛ ቀን ሳትሆን አትቀርም።)

ሐቁ ግን አየር ብቻውን ሜዳሊያ አያመጣም። ማስረጃ የሚፈልግ ቦሊቪያን ይመልከት። የመንግሥታቸው መቀመጫ ላ ፓዝ ከ3,600 ሜትር በላይ ናት፤ ከእኛ በጣም ትበልጣለች። እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ቦሊቪያ አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም። በምንም ዓይነት ስፖርት! ኔፓልም ተራራ አላነሳትም፤ የረጅም ርቀት ሩጫ ሲነሣ ግን ስሟ አይነሣም። ታዲያ የአየሩ ትምክህት ምን ያደርግልናል? ሩቅ ሳንሄድ፣ አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከመካነ ሰላም ጋር ያላት ልዩነት አንድ ዳገት ነው። እሷም ገብስ ታበቅላለች፣ እኛም ገብስ እናበቅላለን። እሷም ውርጭ አላት፣ እኛም ውርጭ አለን። ልጆቻቸውም ልጆቻችንም ከብትና በግ ተከትለው ሲሮጡ ይውላሉ። የዓለም ሰው ግን በቆጂን ያውቃል፤ መካነ ሰላምን አያውቅም።

በቆጂ የነበራት አንድ ነገር ነው። አቶ ስንታየሁ እሸቱ ይባላሉ። ለስፖርት ትምህርት አስተማሪነት ወደዚያች ከተማ የመጡ ሰው ናቸው። ሲጀምሩ ስታዲየም አልነበራቸውም፤ ፊሽካ ነበራቸው፣ ሜዳ ነበራቸው፣ በጠዋት የመነሣት ልማድ ነበራቸው። ልጆቹን ሰብስበው በሥርዓት ማሠልጠን ያዙ። ደራርቱ በእሳቸው እጅ አለፈች፤ ቀነኒሳና ጥሩነሽም እንዲሁ። እንግዲህ ቁጠሩ፤ የእነዚህ የሦስቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ብቻ ስምንት ነው። የደራርቱ ሁለት፣ የቀነኒሳ ሦስት፣ የጥሩነሽ ሦስት። ከአንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሜዳ! በጥያቄና መልስ ውድድራችን ላይ የጠፋው መልስ ይህ ነው፤ እኛም ሳቅን።

በበኩሌ የሩጫ ታሪካችን ትልቁ ምዕራፍ ይኸኛው ይመስለኛል። ሮም አንድ ቀን ነው፤ በቆጂ ግን ማንም ካሜራ ይዞ ሳይመጣ በየማለዳው የተደጋገመ ነገር ነው። አሠልጣኝ ሳይኖር የተገኘ ድል እስቲ ጥሩልኝ። ከአበበ ኋላ ኒስካነን ነበሩ። ሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትሩን ሲጠቀልል አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። እሱንም ቢሆን ብቻውን አልነበረም የሮጠው፤ በ10 ሺህ ሜትሩ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አብረውት ፍጥነቱን እየቀያየሩ ፊንላንዶቹን አደከሟቸው፤ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ወጡ። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው ምሩጽ መጨረሻው ዙር ላይ ተፈተለከ። ማርሹን የቀየረው እሱ ነው፤ መኪናውን ዳገት ያወጡት ግን ሦስቱም ናቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከባርሴሎና ጀምሮ የዘለቀው የድል ዘመን በሃንጋሪ ተምረው የመጡት የዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሥራ ነው።

የሴቶቹን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ነውር ነው፤ በተለይ እዚህ እኛ ዘንድ። ዓለም ራሱ ሴት ረጅም መንገድ መሮጥ ትችላለች ብሎ ለመቀበል ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ታውቃላችሁ? በ1928 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ «ተዝለፈለፉ» ተባለና ውድድሩ እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። የሴቶች ማራቶን የተጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ.፣ 10 ሺህ ሜትር ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። አገራችን በሁለቱም ኦሊምፒኮች አልተካፈለችም። ስለዚህ በሩ ለእኛ ሴቶች የተከፈተው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ነው ማለት ይቻላል። ደራርቱ ያን ቀን 20 ዓመቷ ነበር። የእኛ ዕድሜ ነው! ከደቡብ አፍሪቃዊቷ ኤላና ማየር ኋላ ኋላ ተከትላ፣ የመጨረሻው ዙር ሲቀር ወጥታ በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ገባች። ከጥቁር አፍሪቃውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ከዚያም ሁለቱ ተቃቅፈው ሜዳውን ዞሩ፤ ደቡብ አፍሪቃ በአፓርታይድ ምክንያት ከታገደችበት ገና መመለሷ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ሁለተኛዋን በሁለት ደቂቃ ቀድማ አሸነፈች፤ በማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪቃዊት ናት።

ሌላውን ሁላችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው፤ የበላይነህ ዴንሳሞ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በ1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ተመዝግቦ አሥር ዓመት ሳይደፈር ቆየ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተይዞ፣ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተክቶ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። አንዱን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጠች። እስቲ ከላይ ተመለሱና የቶኪዮውን ሰዓት እዩት። አበበ ቢቂላን በ18 ሰከንድ ትቀድመዋለች! ጫማው ተሻሽሏል፣ ጎዳናውም ሜዳ ነው፤ ይሁን። ቢሆንም ያቺው ትዕግሥት በሪዮ ኦሊምፒክ የተሰለፈችው በ800 ሜትር ነበር። የርቀቷ ሩጫ የቱ እንደሆነ የታወቀው ቆይቶ ነው። አንድ ጊዜ አይተን «አንተ ትሆናለህ፣ አንቺ አትሆኚም» የምንል ሰዎች ይህችን ነገር በኪሳችን ብንይዛት ምን አለበት?

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ወደ ዓባይ በሚያወርደው በኩል ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ የወላጆች ቀን ላይ ሩጫ ተደረገ። ሜዳውን አሥር ዙር ነበር። አንዲት የክፍላችን ልጅ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች። ሴት እሷ ብቻ ነበረች። በስድስተኛው ዙር የስምንተኛ ክፍል ወንዶችን ሁሉ አልፋ ብቻዋን ቀረች፤ መጨረሻዎቹን ወንዶች ደግሞ ደርባ አለፈቻቸው። ሽማግሌዎቹ «ወይ ጉድ! የማን ልጅ ናት?» እያሉ ተነሥተው ቆሙ። አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለመች። ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስትሄድ አሁንም ይታየኛል። በዓመቱ ትምህርት ሲከፈት አልመጣችም። መጀመሪያ «ልትዳር ነው» ተባለ፤ ኋላ «ዓረብ አገር ሄደች» ተባለ። ከእኛ ወረዳ ስንቷ እንዲህ እንደምትሄድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ብዙዎቻችሁ እኅት አላችሁ።

እዚህ ላይ ወቀሳዬ ስለ ጋብቻውም ስለ ስደቱም አይደለም፤ ለሱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የእኔ ጥያቄ ትንሽ ናት። ያን ቀን ልጅቷ ስንት ሰዓት ገባች? አይታወቅም። ሜዳው ስንት ሜትር ነበር? አይታወቅም። ሰዓት የያዘ ሰው አልነበረም፤ የጻፈ አልነበረም፤ በማግሥቱ «እስቲ ነይ፣ ደግመሽ ሩጪ» ያላት አልነበረም። ምናልባት ደኅና ሯጭ ብቻ ነበረች። ምናልባት ሌላ ነገር ነበረች። ለማወቅ የሚያስችለን ነገር አንድም በእጃችን አልቀረም። አባቷ ዘንድ ሄዶ «ልጅዎ እንዲህ ያለ ነገር አላት፣ ይቺን ዓመት ይተዉልኝ» የሚል መምህር ቢኖር እንኳ በእጁ የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም።

እኛ የተማርንበት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኳስ ይሰጠናል፤ ወንዶቹ ይራገጣሉ፤ ሴቶቹ አጥር ጥግ ተቀምጠው ሹሩባ ይሠራራሉ። የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ይሰጣል። ስድስተኛ ክፍል ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ስፖርት የምትባል ነገር በፕሮግራሙ ላይ እንጂ በሜዳው ላይ አላየኋትም። በካርዳችን ላይ ግን ውጤት ተሞልቶ መጣ፤ ለሁላችን 75!

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሐሳቤን ማደሪያችን ውስጥ ሳነሣው ተቃውመውኛል፤ ተቃውሟቸውም ከንቱ አይደለም። አንዱ «እኔ ስፖርት አይደለም የማጠናው፤ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ምን አገባኝ?» አለኝ። አብሽር፣ ወንድሜ! የምትመደበው አጅባር ወይም ከላላ ወይም ወግዲ ገጠር ውስጥ ከሆነ፣ ያገኘኸውን ሁሉ ታስተምራለህ፤ ስፖርትም ይደርስሃል። ሁለተኛው የተናገረው ግን ጠንከር ያለ ነው። «ልጆቹን በሩጫ ሕልም አስክረህ ትምህርታቸውን ልታስጥላቸው ነው፤ ከሺህ አንዱ ነው የሚሳካለት» አለኝ። እውነቱን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ በቆጂ የወጣው ዘጋቢ ፊልም ራሱ የሚያሳየው ይህንን ነው፤ ከዚያች ከተማ ወጥተው መንገድ ላይ የሚቀሩ ልጆች አሉ። ገንዘቡም ሰውን ወደ ክፉ ይወስዳል። ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2024 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሮጣ ዓለምን አስደነቀች፤ በዓመቱ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ለሦስት ዓመት ታገደች። ስለዚህ እኔ «ሩጡ፣ ትከብራላችሁ» በሉ አልልም። እኔ የምለው፣ ሒሳብ ላይ የልጁን ውጤት እንደምንመዘግብ፣ ሜዳ ላይም የሠራውን እንመዝግብለት ነው። ሕልም ለመሸጥ አይደለም፤ ያለውን ነገር አውቆ እንዲሄድ ነው። የሒሳብ ውጤት ሲሰጠው ሊቅ ትሆናለህ ብለን ቃል አንገባለትም እኮ!

ሦስተኛው «ሜዳ የለ፣ ሰዓት የለ፣ ትጥቅ የለ» የሚለው ነው። ይኸኛውን አልቀበልም። አንድ መቶ ሜትር በአንድ መቶ ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ተለክቶ አራት ችካል ከተተከለበት ዙሪያው 400 ሜትር ነው። ሜዳው ጠባብ ከሆነ ሃምሳ በሃምሳ ይሁን፤ ሁለት ዙር ማለት ነው። ሰዓቱ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ፤ ዘፈን ከምንሰማበት ለአሥር ደቂቃ እናውሰው። ደብተር አንድ። ስም፣ ዕድሜ፣ ርቀት፣ ሰዓት፣ ቀን። በየመንፈቁ ያው ልጅ በያው ሜዳ ይለካል። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው፤ የአንድ የቦረና ልጅ ሰዓት ከበርሊን ሰዓት ጋር ሳይሆን ከራሱ ካለፈው መንፈቅ ሰዓት ጋር ነው የሚነጻጸረው። እኛ ያለንበት ከፍታ ሰዓቱን ያዘገየዋልና «ቀርፋፋ ናቸው» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው።

ጥንቃቄም ያሻል። ብዙዎቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሲደርሱ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ነው፤ እንደ ደረሱ አስነሥቶ ማስሮጥ ግፍ ነው። ሁዳዴና ረመዳን ሲሆን ከሰዓት በኋላ መለካት አይገባም፤ የእኛ አገር ልጅ ይጾማል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። በገበያ ቀን የቀረውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ከመዝገቡ መፋቅ የለም፤ በጉን ሊሸጥ ሄዶ ነው። ሴቶቹ በሚመቻቸው ልብስ፣ ቀሚስ ከሱሪ ደርበውም፣ ሻሽና ሒጃብ አስረውም ይሩጡ፤ እናቶቻቸውም መጥተው ይዩ። ሰው ያየውን ነገር አይፈራውም። የመጀመሪያውን የአቴንስ ማራቶን በ1896 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው ስፒሪዶን ሉዊስ ውሃ አመላላሽ ነበር ብለን ብንነግራቸው ደግሞ፣ በየምንጩ ጀሪካን ተሸክመው የሚውሉት ልጃገረዶች ቢያንስ ይስቃሉ።

ይህንን ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ እኛ አራት ጓደኞች ሆነን ከማደሪያው በስተኋላ ያለውን ሜዳ ለመለካት ተነጋግረናል። መምህሮቻችንንም አስፈቅደናል። ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት እንገናኛለን። ለሙከራ በመጀመሪያ የምንለካው ራሳችንን ነው፤ ቁጥሩ ቢያሳፍርም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አምሳ ሜትር ገመድ አግኝተናል፤ ፊሽካና መዶሻም አለ። የቀረን ችካል ነው። አራት ደኅና የባሕር ዛፍ እንጨት ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።